ብልቃጡ ለአንድ ሕፃንም ይከፈት

በጌዴኦ ዞን በክትባትና በበሽታ ቅኝት ሥራ ላይ ለተሰማሩ የጤና ባለሙያዎች በዲላ ከተማ የተደረገ ንግግር



ከቡሌ ደጋ፣ ከጌዴብ፣ ከኮቸሬ፣ ከይርጋጨፌና ከወናጎ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ዲላ ድረስ ስለ መጣችሁ በቅድሚያ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ አውራ ጎዳናው ላይ ለመድረስ ብቻ ከሌሊት ጀምሮ በእግር እንደ ተጓዛችሁ ሰምቻለሁ። ይህን ያነሣሁት ለምስጋና ብቻ አይደለም። እናንተ ዛሬ የሄዳችሁትን መንገድ እናቶች ሕፃን አዝለው በየወሩ የሚሄዱት መሆኑን ዛሬ ከምናገረው ጋር አያይዛችሁ እንድታስቡት ፈልጌ ነው።

ስለ ኩፍኝ ምንነት ለእናንተ ማስተማር ለቀባሪው የማርዳት ያህል ነው። ሆኖም ይህ ንግግር በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ታትሞ ገና ሥራ ለሚጀምሩትም እንዲደርስ ስለ ታሰበ፣ መሠረታዊውን ነገር በአጭሩ ላስቀምጥ።

ኩፍኝ ከምናውቃቸው ተላላፊ በሽታዎች ሁሉ ፈጥኖ የሚዛመት ነው። መከላከያ አቅም በሌለው ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ያስተላልፋል። ቫይረሱ የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ በአየር ላይ ይቆያል። ሽፍታው ከመታየቱ አራት ቀን አስቀድሞ ጀምሮ፣ ከታየም በኋላ እስከ አራት ቀን ድረስ ይተላለፋል። ይህ ማለት እናትየው «ልጄ ጉንፋን ይዞታል» ብላ በጀርባዋ አዝላው ገበያ በዋለችበት ቀን፣ ማንም ኩፍኝ ነው ብሎ ሳይጠረጥር፣ በሽታው ወደ ሌሎች ቤቶች ገብቶ አድሯል ማለት ነው። በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ከሀገራችን የጠፋውን ፈንጣጣን በዚያ ዘመን የነበሩ ባለሙያዎች ታማሚውን እየፈለጉ፣ በዙሪያው ያሉትን እየከተቡ አሸንፈውታል። በኩፍኝ ዘንድ ይህ ስልት ብቻውን አይበቃም፤ ታማሚውን ፈልገን ስናገኘው በሽታው ቀድሞን ሄዷልና። ስለዚህ ከመቶ ሕፃናት 95ቱ መከላከያ እስኪኖራቸው ድረስ ወረርሽኙ መንገድ አያጣም።

የክትባቱ ነገር በሀገራችን አዲስ አይደለም። የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር የኩፍኝ ክትባት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። የመጀመሪያው በዘጠኝ ወር፣ ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። ይህም ሆኖ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በሀገር አቀፍ ደረጃ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል የኩፍኝ ክትባት ያገኙት 59 በመቶ ብቻ ነበሩ። መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያጠናቀቁት ደግሞ 43 በመቶ። ከዚያ ወዲህ የመጣው የሚያስገርም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 በሀገራችን የተረጋገጡ የኩፍኝ ሕሙማን 1,953 ሲሆኑ በ2022 ወደ 9,291 አሻቀቡ። እነዚህ የተረጋገጡት ብቻ ናቸው። ጤና ተቋም ሳይደርሱ በቤታቸው የታመሙት፣ ከዚያም አልፎ የተቀበሩት፣ በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

አሁን ወደ አንድ ቀላል ሒሳብ ልውሰዳችሁ። በየስብሰባው የሚነገረንን «ሽፋናችን 80 በመቶ ደርሷል» የሚለውን ሪፖርት እንያዝ። በአንዲት ቀበሌ በየዓመቱ መቶ ሕፃናት ይወለዳሉ እንበል። 80ዎቹ በዘጠኝ ወራቸው ተከተቡ። በዚህ ዕድሜ የሚሰጠው ክትባት የሚይዝላቸው ከመቶው በ85ቱ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ80ዎቹ የተጠበቁት 68 ናቸው። 20ዎቹ ጭራሹን ያልተከተቡ፣ 12ቱ ተከትበው ያልያዘላቸው፣ በድምሩ 32 ሕፃናት በአንድ ዓመት ብቻ ለበሽታው ተጋላጭ ሆነው ቀሩ። በሦስት ዓመት 96 ይሆናሉ። ይህም አንድ ዓመት ሙሉ ከተወለዱት ሕፃናት አንዱንም እንዳልከተብን ያህል ነው። ሪፖርታችን ግን በሦስቱም ዓመት አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ወረርሽኝ ሲነሣ «ሽፋናችን ጥሩ ሆኖ ሳለ ይህ ከየት መጣ?» እያልን የምንደነግጠው ይህን ሒሳብ ስለማንሠራ ነው። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ክትባት ጌጥ አይደለም። እነዚያን 12 ሕፃናት መልሶ የሚይዝ፣ ከ20ዎቹም መካከል የዘገዩትን የሚያገኝ ብቸኛው መደበኛ መንገድ እርሱ ነው።

ወደ ራሳችን ዞን እንምጣ። ጌዴኦን ከሩቅ የሚያይ ሰው ደን ያያል። ቀረብ ሲል ግን ከዛፉ ሥር ቡና፣ ከቡናው ጎን እንሰት፣ ከእንሰቱ ጓሮ ቤት፣ ከቤቱ ቀጥሎ ሌላ ቤት እንዳለ ይረዳል። ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ኮርተናል። በጤና ባለሙያ ዓይን ሲታይ ግን ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ሕዝቡ በሀገራችን እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ገጠሮች በአንዱ ስለሚኖር አንድ ታማሚ ሕፃን ለብዙ ሕፃናት ቅርብ ነው። ሁለተኛ፣ ቤቶቹ ቢቀራረቡም መንገዱ ገደል ነው፤ በካርታ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚመስለው ጤና ጣቢያ ወርዶ መውጣት፣ ወጥቶ መውረድ ይጠይቃል። በሽታው ከቤት ወደ ቤት በአጭር መንገድ ይሄዳል፤ ክትባቱ ግን ረጅሙን መንገድ ዞሮ ይመጣል።

በዚህ ላይ ቡናው አለ። እሸት ቡና በሚለቀምባቸው ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ በዚህ ዞን ያለች እናት ቀኗ የራሷ አይደለም። የበሰለ ቡና ቀን አይሰጥም፤ ከዛፉ ላይ ካልተነሣ ይረግፋል። የራሷ ማሳ ያላት ትለቅማለች፤ የሌላት በኪሎ እየተከፈላት ለሰው ትለቅማለች፤ ሌላዋ በማጠቢያ ጣቢያ አልጋ ላይ ቡና ስታገላብጥ ትውላለች። በእነዚህ ወራት ዘጠኝ ወር የሞላው ሕፃን ቀጠሮው ወደ «ከለቀማ በኋላ» ይሻገራል። በሀገራችን የኩፍኝ ሕሙማን ቁጥር የሚጨምረው ደግሞ በበጋው ወራት ነው። ልብ በሉ፤ ክትባቱ የሚታለፍበትና በሽታው የሚበረታበት ወቅት ተከታትለው ይመጣሉ። የዓመቱን ዕቅድ ለአሥራ ሁለት ወር እኩል አካፍሎ የሚሠራ ወረዳ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረም ማለት ነው። በእኔ አስተያየት የጌዴኦ የክትባት ዓመት መጀመር ያለበት በመስከረም ነው፤ ለቀማው ሳይገባ ዘጠኝና 15 ወር የሞላቸውን ሁሉ አሟጦ ለመከተብ። በለቀማው ወራትም የክትባት ሣጥኑ ወደ ማጠቢያ ጣቢያውና ወደ ገበያው መሄድ አለበት። እናቲቱ ያለችው እዚያ ነውና።

«ማኅበረሰቡ ክትባት አይቀበልም» የሚለውን አነጋገር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እውነት የሚሆንበት ቦታ አይጠፋም። ነገር ግን በዚሁ ዞን፣ በወናጎ ወረዳ፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. የተደረገ አንድ ጥናት ክትባት ጀምረው ያቋረጡ ሕፃናትን ካጠናቀቁት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከማቋረጥ ጋር ተያይዘው ከተገኙት ምክንያቶች መካከል የክትባት ቀጠሮን ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍና እናቶች ከጤና ተቋሙ አገኘነው ብለው የሚያስቡት ድጋፍ ማነስ ይገኙበታል። እነዚህ ሕፃናት እኮ ጀምረው ነበር! እናቶቻቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያንን ገደል ወርደው ወጥተዋል። እምቢ ያለች እናት አትጀምርም። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባን «ለምን እምቢ አሉ?» ብለን ሳይሆን «ከመጡ በኋላ ምን አገኛቸው?» ብለን ነው።

ይህን ጥያቄ የማነሣው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ወቀሳው ከራሴ ይጀምራል። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከዚህ ዞን ውጭ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ ነርስ ነበርሁ። አንድ ረቡዕ ከቀትር በኋላ አንዲት እናት የአሥር ወር ልጇን አዝላ መጣች። የኩፍኝ ክትባት የምንሰጠው በወር ሁለት ዐርብ ብቻ ነበር። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ አሥር ሕፃናት የሚከተቡበት ሆኖ፣ ዱቄቱ በማሟሚያው ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። ከዚያ በኋላ የተረፈው ይደፋል። ባለፈው ወር ሦስት ብልቃጥ ለጥቂት ልጆች ከፍቼ «ክትባት አባካኝ» ተብዬ በስብሰባ ላይ ተወቅሼ ነበር። ስለዚህ ለእናቲቱ ፈገግ ብዬ «የፊታችን ዐርብ ይምጡ» አልኋት። እርሷም «ሲስተር፣ ዐርብ እኮ ገበያ ነው፤ አሁን እንዲያው ብትወጊልኝስ?» አለችኝ። «ለአንድ ልጅ አይከፈትም» ብዬ ካርዷ ላይ ቀኑን ጻፍሁላት። የእጅ ጽሕፈቴ ያማረ ነበር።

በዚያ ዐርብ አልመጣችም፤ በሚቀጥለውም አልመጣችም። ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ልጅ አባቱ ተሸክሞት መጣ። ሽፍታው ከስሞ ቆዳው መላላጥ ጀምሯል፤ የሳንባ ምች ይዞታል፤ ዓይኖቹን መግለጥ አልቻለም። ልጁ ተረፈ። የግራ ዓይኑ ግን አልተረፈም። ካርዱን ከአባትየው ተቀብዬ ስገልጠው የገዛ እጅ ጽሕፈቴን አየሁት። በዚያን ዕለት ያዳንሁት ዘጠኝ ጠብታ ክትባት ምን ላይ እንደ ዋለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት በዐርቡ ሌሎች ልጆች ተከትበውበታል፤ ምናልባትም ጊዜው አልፎበት ተወግዷል።

እንግዲህ የዛሬው መልእክቴ ዋናው ይህ ነው፦ ዕድሜው የደረሰ፣ ያልተከተበ ሕፃን በፊታችሁ ካለ ብልቃጡ ይከፈት። አንድ ሕፃን ብቻ ቢሆንም ይከፈት። የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ይኸው ነው። የሚደፋውን ዘጠኝ ክትባት ከአንድ የሳንባ ምች ሕክምና፣ ከአንድ ወረርሽኝ የምላሽ ወጪ ጋር ብታስተያዩት የቱ ብክነት እንደሆነ ይገለጥላችኋል። የወረዳ አስተባባሪዎች ሆይ፣ በዚህ ነጥብ ላይ የምናገረው በተለይ ለእናንተ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብልቃጡን የማትከፍተው ደንቡን ስለማታውቅ አይደለም፤ እናንተን ስለምትፈራ ነው። በሚቀጥለው የድጋፍ ጉብኝታችሁ ስለ ብክነቱ መጠን ከመጠየቃችሁ በፊት «ሳይከተብ የተመለሰ ልጅ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ ሲለወጥ ሥራው ይለወጣል። በእርግጥ ይህ ማለት በዘፈቀደ መክፈት አይደለም። የክትባት ቀናትን ማብዛት፣ በአንድ መንደር ያሉ እናቶችን በሴቶች ልማት ኅብረት በኩል አሰባስቦ መጥራት፣ ክምችቱንም በዚያው ልክ ከፍ አድርጎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የማሟሚያው ነገርም እንዳይዘነጋ፤ ከራሱ ክትባት ጋር የመጣው ብቻ ይሁን፣ እኩል ይቀዝቅዝ፣ የስድስት ሰዓቱ ገደብም በምንም ምክንያት አይለፍ። ልጅን መመለስ ስሕተት እንደሆነ ሁሉ፣ ያደረ ክትባት መስጠትም ልጅን ይገድላል።

ስለ መፈናቀሉ ዘመን ሳላነሣ ባልፍ ይህ ንግግር ስለ ጌዴኦ አይሆንም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በሁለቱም ወገን በጠቅላላው ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ያልተጠናቀቁ ሕንፃዎች መጠለያ ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. አጋማሽ የጌዴብ ጎቲቲ ስም በዓለም መገናኛ ብዙኃን የተሰማው በምን ሁኔታ እንደ ነበር ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል እዚያ ያገለገላችሁ አላችሁ፤ ራሳችሁ ተፈናቅላችሁ ሳለ ሌላውን ያከማችሁም አላችሁ። የተጨናነቀ መጠለያ፣ የተጎሳቆለ ሕፃንና የተቋረጠ መደበኛ ክትባት በአንድነት ሲገኙ ኩፍኝ ከሁሉ የከፋ መልኩን ያሳያል። በምግብ እጥረት በተጎዳ ልጅ ላይ በሽታው ይከብዳል፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሲጨመርበት ዓይን ያጠፋል። ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ኩፍኝ አካል ቀድሞ ለሌሎች በሽታዎች ካዘጋጃቸው የመከላከያ ንጥረ ነገሮች ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን ይደመስሳል። ልጁ ከኩፍኝ ቢድን እንኳ ከወራት በኋላ በተቅማጥ ወይም በሳንባ ምች የሚወሰደው ስለዚህ ነው። እኛ ግን «በተቅማጥ ሞተ» ብለን እንመዘግባለን።

ከዚያ ጊዜ ሦስት የአሠራር ትምህርቶች ይዘናል። በመጠለያ ውስጥ ክትባቱ ከዘጠኝ ወር ዝቅ ብሎ ከስድስት ወር ጀምሮ ይሰጣል፤ ነገር ግን በስድስት ወር የተሰጠው እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ መጀመሪያ አይቆጠርም። ሕፃኑ ዘጠኝ ወር ሲሞላው እንደገና ይከተባል፣ በ15 ወሩም እንዲሁ። ሁለተኛው የካርድ ጉዳይ ነው። ቤቷን ጥላ በሌሊት የወጣች እናት ካርድ ይዛ አትወጣም። ካርድ የሌለውን፣ በመዝገብም ያልተገኘውን ልጅ እንዳልተከተበ ቆጥራችሁ ክተቡት። ቀድሞ ተከትቦ ቢሆን ተጨማሪው አይጎዳውም። «ካርድሽን ካላመጣሽ» የሚለው ቃል ከአፋችን መውጣት የለበትም። ሦስተኛው፣ ተፈናቃዩ ሲመለስ መዝገቡም ከእርሱ ጋር መመለስ አለበት። በመጠለያ የተከተበ ልጅ በቀበሌው መዝገብ ካልገባ፣ ያልተከተበውም ተለይቶ ካልታወቀ፣ ወደ ሰላም የተመለሰው ቀበሌ በክትባት በኩል ገና ተፈናቃይ ነው።

የኮቪድ 19 ዘመንም የራሱን ነገር አስተምሮናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በሀገራችን ሲገኝ ለሚያዝያ ታቅዶ የነበረው የኩፍኝ ዘመቻ እንዲዘገይ ሆነ። ሆኖም ዘመቻው እስከ መጨረሻ አልተተወም። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ፣ ባለሙያው ጭምብል አድርጎ፣ እናቶች ተራርቀው ተቀምጠው፣ ዕድሜያቸው ከዘጠኝ እስከ 59 ወር የሆኑ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተከተቡ። በዚያ ወቅት ብዙ አገሮች ዘመቻቸውን እንዳቆሙ ነበር። የአንዱ ወረርሽኝ ፍርሃት ለሌላው ወረርሽኝ በር እንዳይከፍት የተወሰደው ይህ ውሳኔ የሚያስመሰግን ነው። ይህን ካልሁ በኋላ አንድ ነገር ልጨምር። ዘመቻ ልማድ ሆኖብናል። «በዘመቻ ይያዛሉ» እያልን የመደበኛውን ቀጠሮ ችላ የምንል አለን። ዘመቻ በየጥቂት ዓመቱ ይመጣል፤ ሕፃን ግን በየቀኑ ይወለዳል።

ስለ ሕክምናውና ስለ ቅኝቱ ፈጠን ብዬ ልለፍ፤ ዝርዝሩ በመመሪያው ውስጥ ይገኛልና። በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች ኩፍኝ የያዘውን ልጅ በጨለማ ቤት መከደን፣ «ይውጣለት» ብሎ መጠበቅ፣ መርፌ ከተወጋ በሽታው ወደ ውስጥ ይመለሳል ብሎ መፍራት የኖረ ልማድ ነው። በዚህ አትሳቁ፤ አትቆጡም። ልጁን ከሌሎች ልጆች ለይቶ ማቆየቱ እንዲያውም መልካም ነገር አለው፤ ብርሃን ለታመመ ዓይን እንደሚከብድም እናቶች በልምድ ያወቁት ነው። ጉዳቱ ያለው መዘግየቱ ላይ ነው። ስለዚህ እናቲቱን «ለይተሽ ማስቀመጥሽ ደግ ነው፤ ጡቱንና ፈሳሹን ግን አታቋርጪበት፣ ቫይታሚን ኤውንም ዛሬውኑ ይዋጥ» ብላችሁ አግዟት። መጠኑ ከስድስት ወር በታች ላለ 50,000፣ ከስድስት እስከ 11 ወር ለሆነው 100,000፣ ከ12 ወር በላይ ለሆነው 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ሆኖ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ይሰጣል። ዓይኑ ላይ የእጥረት ምልክት ካለ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሦስተኛ ይጨመራል። ፈጣን አተነፋፈስ፣ መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ወይም የደፈረሰ ዓይን ካያችሁ ልጁ ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ትኩሳትና በመላ አካል ላይ የወጣ ሽፍታ ከሳል፣ ከንፍጥ ወይም ከቀላ ዓይን ጋር ከታየ ተጠርጣሪ ነው፤ ሪፖርት ይደረግ። አንድም ቢሆን ይደረግ። በአንድ ወር ውስጥ አምስት ተጠርጣሪዎች ከተገኙ ወረርሽኝ ተጠርጥሯል ማለት ነው፤ የደም ናሙና ተወስዶ ሦስቱ በቤተ ሙከራ ከተረጋገጡ ተረጋግጧል። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ልጅ ደም መቅዳት አያስፈልግም፤ ጊዜያችሁን ዕድሜያቸውን፣ መንደራቸውንና ክትባት መውሰድ አለመውሰዳቸውን በመመዝገብ ላይ አውሉት። ያ ዝርዝር ማን እንደ ታለፈ ይነግራችኋል። ታማሚዎቹ በአብዛኛው ከአንድ ጎጥ ከሆኑ፣ የዚያን ጎጥ የክትባት ቀን ምን እንዳጨናገፈው ጠይቁ። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነ፣ ከዓመታት በፊት የታለፉት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱን ተመልከቱ። አንዳንድ ቀበሌ «ወረርሽኝ አለብን» ማለትን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። ሪፖርት ያላደረገ ቀበሌ ንጹሕ ቀበሌ ነው ብሎ የሚያመሰግን አስተዳደርም አይጠፋም። ከዞኑ ጤና መምሪያ ጋር ተነጋግረንበታል፤ ቀድሞ ያሳወቀ አይወቀስም።

የሶንጎ አባቶችና የሃይማኖት መሪዎች፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ስብከት አይደለም። በየሰንበቱ በእናንተ ዘንድ የሚሰበሰበው ሕዝብ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ከሚሰበሰበው ይበልጣል። ልጁ ዘጠኝ ወር ወይም 15 ወር የሞላው ማን እንደሆነ በጉባኤው መጨረሻ ይጠየቅ፤ ባለሙያዋም ሣጥኗን ይዛ በር ላይ ትቀመጥ። አባቶች፣ «ልጁን ዛሬ እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ለቅሚ» የሚል አባት ቢበዛ ደግሞ ብዙ ነገር ይቀልላል። ልጅ ማስከተብ የእናት ሥራ ብቻ ነው የሚል ደንብ በየትኛውም መመሪያ አልተጻፈም።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ በየወረዳችሁ ትቀመጣላችሁ። የቤተሰብ መዝገባችሁን እንድታመጡ የጠየቅናችሁ ለዚህ ነው። ባለፈው የለቀማ ወራት ዘጠኝ ወር ሞልቷቸው የኩፍኝ ክትባት ያልተጻፈላቸውን፣ በ15 ወራቸውም ሳይመለሱ የቀሩትን ልጆች ስም፣ የእናታቸውን ስምና ጎጣቸውን በአንድ ወረቀት ላይ ትጽፋላችሁ። አስተባባሪዎች ስንት ብልቃጥ እንደሚያስፈልግ ከዚያ ወረቀት ላይ ትቆጥራላችሁ፤ ብክነቱንም ጨምራችሁ። ጥያቄው ዛሬ ማታ ለዞኑ መጋዘን ይቀርባል። ወረቀቱ ከእናንተ ጋር ይመለሳል፤ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው የምታንኳኩት ቤት የማን እንደሆነ በላዩ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።